በድንጋይ ጀልባዋ ውስጥ የነካኝ እጅ

ብታምኑም ባታምኑም ይሄ ነገር በእውነት ደርሷል። ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ትከሻ ላይ ነው የደረሰው።

የሚያስፈራ ታሪክ ሲባል ሰው ሁሉ እኩለ ሌሊት፣ መብረቅ፣ የሚንቋቋ በር ምናምን ይጠብቃል። የኔ እንደዛ አይደለም። እንደዛ ቢሆንማ ጥሩ ነበር፣ መብራት አብርቼ እገላገል ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር የለም።

ቦታው ደግሞ የወታደሮች ብሔራዊ መካነ መቃብር ነው። ኢሊኖይ ውስጥ፣ ዙሪያውን በቆሎ ብቻ። እኛ አገር ባህር ማየት ያማረው ሰው ቀኑን ሙሉ ነድቶ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ በማግስቱም መንዳት አለበት።

ማርሊስ እባላለሁ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የሚጮህ ልጅ ሙሉ ጭኜ በበረዶ ላይ የምነዳ ሴትዮ ነኝ፣ በቀላሉ አልደነግጥም። ባለቤቴ እንኳ "አንቺን ለማስደንገጥ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል" ይለኛል።

አባቴ ኦርቪል ከኔ የባሰ ነው። ዕድሜውን በሙሉ እህል ጎተራ ውስጥ የሠራ፣ በሰባ ሰባት ዓመቱ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚመታ ሽማግሌ።

አንድ ነገር ብቻ ይፈራ ነበር።

ውሃ።

ልጆች ሆነን ሐይቅ ዳር ሲወስደን፣ እሱ መኪናው ውስጥ ጋዜጣ ሲያነብ ይውላል። ገንዳ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ ከባልዲ እየጨለፈ ነው የሚታጠበው። እናቴ ትስቅበት ነበር። እኛም። ምክንያቱን ማን ጠየቀው?

እናቴ ከሞተች በኋላ ከወላጆቼ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በእሱ ቤት በኩል ነው የማልፈው። ተጨቃጭቀን፣ እራት በልተን፣ እንደገና ተጨቃጭቀን ነው የምንለያየው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አባቴ የባህር ኃይል ጀልባ ነጂ ነበር። ጀልባዋ ወታደሮችን ከትልቁ መርከብ ተቀብላ ጠላት ወዳለበት ዳርቻ የምታደርስ፣ ጣሪያ የሌላት ሳጥን ነገር ናት። ፊቷ ላይ የብረት በር አላት። ዳርቻው ጋ ሲደርሱ በሩ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ልጆቹ በላዩ ላይ እየሮጡ ይወርዳሉ።

ሦስት ሆነው ነው የሚሠሩባት። አባቴ ከኋላ መሪውን ይይዛል። ዴልበርት ሞተሩን ይጠብቃል። ኤመሪ ደግሞ ፊት ሆኖ በሩን ያወርዳል። ሁለቱንም አጎቴ እያልኩ ነው ያደግኩት።

የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ትዕዛዝ አይሰማም። ስለዚህ አባቴ ከፊቱ የቆመውን ልጅ ትከሻ መታ ያደርጋል። ያ ልጅ ደግሞ ከፊቱ ያለውን... እንዲህ እያለ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፍና በሩ ጋ ይደርሳል። በሩ ጋ ያለው "ደረስን!" ብሎ ይጮሃል።

በሩ ይወድቃል።

ከብዙ ዓመት በኋላ የጀልባ ዘማቾቹ ማህበር እዛ መካነ መቃብር ውስጥ መታሰቢያ አሠራ። ጀልባዋን ራሷን፣ በልኳ፣ ከግራጫ ድንጋይ። በሯ ወደ ሣሩ ተዘርግቶ ወድቋል። ሰው በበሩ ገብቶ ውስጧ መቆም ይችላል።

በየዓመቱ ጁን ወር መጀመሪያ ላይ ንግግሩ፣ መለከቱ፣ አበባው ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን ጀልባዋ ውስጥ ገብተው እንደ ድሮው ይቆማሉ። አባቴ ዴልበርትን መታ ያደርጋል። ዴልበርት ኤመሪን። ኤመሪ "ደረስን!" ይላል። ከዛ ወጥተው ሳንድዊች ይበላሉ።

በቃ፣ ይሄው ነው። የሽማግሌ ጨዋታ ነው እንል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አባቴ ሰባ ስድስት በሞላው ዓመት ነው።

"ኤመሪ፣ ቦርጭህን ሰብስብ፣ በሩ አልዘጋ ይላል" አለ ዴልበርት።

"አንተ ደግሞ ጸጉርህን ሰብስብ" አለው ኤመሪ። ዴልበርት መላጣ ነው።

እኔ ውጭ ቆሜ እየሳቅኩ አያቸዋለሁ። አባቴ ከኋላ ቆሞ መሐረቡን አወጣ፣ አፍንጫውን ሊናፈጥ። መሐረቡን በሁለት እጁ ነው የያዘው። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

የዴልበርት ትከሻ ዝቅ አለ።

ዴልበርት ሳይዞር ኤመሪን መታ አደረገው።

"ደረስን!" አለ ኤመሪ።

አባቴ መሐረቡ አፍንጫው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ሲወጡ የዴልበርት ኮት ትከሻው ላይ ረጥቧል።

"አጎቴ፣ ምን ነካህ?" አልኩት።

"ላብ ነዋ! በዚህ ሙቀት ሱፍ ልበሱ የምትሉት እናንተ!"

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ምግብ የምታድለው ኢርማ በቁጣ ተቀበለችን። ኢርማ የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ናት፣ ሳንድዊች ስትሰጥ እንኳ ትቆጣለች።

"ኧረ እናንተ ሰዎች! ጫማችሁን አራግፉ እንጂ! ምንጣፌን አሸዋ በአሸዋ አደረጋችሁት እኮ!"

ወደ መሬት አየሁ። እውነቷን ነው። ከጀልባዋ እስከ ድንኳኑ ድረስ እርጥብ አሸዋ ተንጠባጥቧል።

እኛ አገር አፈሩ ጥቁር ነው። አሸዋ ከየት ይመጣል?

መኪና ውስጥ ገብተን፣ መካነ መቃብሩን አልፈን፣ ዋናው መንገድ እስክንገባ ድረስ አባቴ አልተነፈሰም። ከዛ በሹክሹክታ...

"ማርሊስ።"

"አቤት አባዬ።"

"እኔ አልነካሁትም።"

"ማንን?"

"ዴልበርትን። ገና ልነካው ነበር። አልነካሁትም።"

"ታዲያ ማን ነካው?"

መስኮቱን ዘጋው። በዛ ሙቀት!

መኸር ላይ አጎቴ ኤመሪ ሞተ። የራሱ ማሳ መሃል በፊቱ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቷል። ሐኪሙ "ሳንባው ውሃ ቋጥሯል፣ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል" አለ። ያጋጥማል ከተባለ ምን ትላላችሁ? ቀበርነው።

የገና በዓል ሳይደርስ ደግሞ ዴልበርት ስልክ ደወለ። የአባቴ ቤት ነበርኩ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

"ኦርቪልን አቅርቢልኝ" አለ። ሰላም እንኳ አላለኝም።

"አጎቴ፣ ደህና ነህ?"

"ማርሊስ፣ ቀበቶው ወገቤ ላይ ነው። ወደ ላይ ልገፋው እሞክራለሁ... አልወጣ አለኝ።"

የሱሪ ቀበቶውን መስሎኝ እኮ "ምነው፣ ወፈርክ እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። ሲዘጋው ፊቱ አመድ መስሏል።

ዴልበርት በዛው ሳምንት አልጋው ላይ ሞቶ አደረ።

ከቀብሩ ስንመለስ አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ድንችና ሥጋ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። እኔም ትዕግስቴ አለቀ።

"አባዬ፣ ወይ ብላ ወይ ተናገር።"

ተናገረ። ከተወለድኩ ጀምሮ ያላወራውን በአንድ ቁጭታ አወራኝ።

"ለልጆቹ የመንሳፈፊያ ቀበቶ ይሰጣቸዋል" አለ። "በአየር የሚነፋ። ብብታቸው ስር ነው መታሰር ያለበት። ግን ያን ሁሉ ሻንጣ ተሸክመው አይመችም። ስለዚህ ወገባቸው ላይ አሰሩት። አየሁ ማርሊስ። ሦስታችንም አየን። ዴልበርት 'መቀነት የታጠቃችሁ ሙሽሮች መሰላችሁ' ብሎ ሳቀባቸው። እኔም ሳቅኩ። እነሱም ሳቁ።"

"ከዛስ?"

"ጀልባዋ መሬት ነካች። ዳርቻው መሰለኝ። ከፊቴ ያለውን ልጅ ትከሻውን ነካሁት። ምቱ ተላለፈ። ኤመሪ በሩን ጣለው።"

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል።

"ዳርቻው አልነበረም። ውሃ ውስጥ የተከመረ አሸዋ ነው። ከአሸዋው ወዲያ ጥልቅ ነው። አንድ በአንድ እየሮጡ ገቡበት። ቀበቶው ወገባቸውን ወደ ላይ ያዘው፣ ሻንጣው ደግሞ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ጎተተው..."

"በቃ አባዬ። በቃ ተወው።"

"እግር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ውሃው ላይ በሙሉ እግር። ጫማቸው አዲስ ነበር።"

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

"አንተ አልገደልካቸውም" አልኩት።

"እሱን አይደለም የምነግርሽ። እነሱ እዛው ናቸው። ድንጋይዋ ጀልባ ውስጥ። ባለፈው ከጎኔ ሳቃቸውን ሰማሁ፣ ያንኑ ሳቅ። ቀበቶው አሁንም ወገባቸው ላይ ነው። በሩ እስኪወድቅ እየጠበቁ ነው። ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ወደ ብብታችሁ ከፍ አድርጉት እላቸዋለሁ። ያኔ ያላልኩትን።"

"ሞኝህን ፈልግ!" ብዬ ጮህኩበት። "ኤመሪ ተነካ፣ ኤመሪ ሞተ። ዴልበርት ተነካ፣ ዴልበርት ሞተ። አንተን ማንም አልነካህም። እዛ ካልሄድክ ማንም አይነካህም። ለኔ የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ ገባህ?"

"ገባኝ" አለ።

የበረዶውን ወራት በሙሉ ተጨቃጨቅን። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ፓስተሩን ላክሁበት። ፓስተሩን ፖም ኬክ አብልቶ ሸኘው።

ጁን ሲደርስ ጠዋት ወደ ቤቱ ሄድኩ። ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

"ካልወሰድሽኝ በእግሬ እሄዳለሁ" አለኝ።

ምን ላድርግ? በእግሩ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

"እወስድሃለሁ። ግን ጀልባዋ ውስጥ አብሬህ ነው የምገባው። በአንተና በእነሱ መሃል እቆማለሁ። አንተን የሚነካ ካለ መጀመሪያ በኔ ያልፋል። እኔ ደግሞ እጄን አላነሳም። ተስማማን?"

"ግትርነትሽ የእናትሽ ነው" አለ።

"ያንተ ነው እንጂ" አልኩት። ሳቀ። ያ የመጨረሻ ሳቁ ነው፣ ለኔ የሳቀልኝ።

ንግግሩ አለቀ። መለከቱ ተነፋ። ሰው ወደ ድንኳኑ ሄደ።

እኔና አባቴ በድንጋዩ በር ላይ ወጥተን ጀልባዋ ውስጥ ገባን።

ባዶ ነች። ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ ወለል፣ ከላይ ሰማይ። አውቃታለሁ፣ በየዓመቱ አያታለሁ። ግን...

ወለሉ እርጥብ ነበር።

ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል። በቆሎው ጫፉ ደርቋል።

አባቴ ኤመሪ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ በሩን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ጀርባዬ ለባዶው ጀልባ ነው። ቦርሳዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ጨብጬ ያዝኩ፣ እጄ እንዳይነሳ።

ከድንኳኑ የሰው ጫጫታ ይሰማል። የኢርማ ድምፅ ይሰማል። ወፎች ይጮሃሉ።

ከዛ ወፎቹ ዝም አሉ።

ከዛ ኢርማም።

ከእግሬ ስር የሆነ ነገር ይርገበገባል። አውቶቡሴን አስነስቼ ስቆም ወለሉ እንደሚያደርገው። ሞተር ነው። ሞተር ለይቼ አውቃለሁ።

"አባዬ..."

"ሽሽሽ።"

እኔን አያየኝም። ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ ነው የሚያየው። ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ አንድ በአንድ ፊት እንደሚያይ ሰው።

"ምን ይታይሃል?"

"ልጆች ናቸው" አለ በሹክሹክታ። "ማርሊስ፣ እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው... ጺም እንኳ የላቸውም።"

"ልዙር?"

"አትዙሪ። እንዳትዞሪ።"

የጨው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

አባቴ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰና ጮኸ። ጎተራ ውስጥ ሠራተኛ ሲጣራ የነበረበት ድምፅ ነው።

"ቀበቶውን ከፍ! ከፍ አድርጉት! ብብታችሁ ስር! ይሄ ዳርቻው አይደለም፣ ጥልቅ ነው! ሰማችሁኝ? ከወገባችሁ ላይ አንሱት!"

ድምፁ ድንጋዩን እየመታ ተመለሰ።

ጠበቀ። ፊቱን እያየሁት ነው። መጀመሪያ በራ፣ በሕይወቴ እንደዛ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የሰሙት መስሎት ነው።

ከኋላዬ ግን...

ሳቅ።

ክፉ ሳቅ አይደለም። አውቶቡሴ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ጎረምሶች ሳቅ ነው። አንዱ ቀልድ ሲናገር ሌሎቹ እንደሚሉት።

የአባቴ ፊት ጠፋ። በቃ፣ እንደ መብራት ጠፋ።

"አልሰሙኝም" አለ። "ያው ነው። ያው ናቸው።"

"አባዬ፣ እንውጣ። ነግረሃቸዋል። አሁን እንው..."

ትከሻዬን ነካኝ።

ቀስ ብሎ ነው። መታ። ከባድ እጅ፣ እርጥብ። ቅዝቃዜው ሸሚዜን አልፎ አጥንቴ ገባ። ውሃው በክንዴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

በቁሜ ደረቅኩ።

"ነካሽ" አለ አባቴ። ጥያቄ አይደለም።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

"አሳልፊልኝ።"

"አላሳልፍም።"

"ማርሊስ። አንቺ ጋ ከቆየ ያንቺ ይሆናል።"

"ይሁና!"

"አንቺ ልጅ..."

"ይሁን አልኩህ! አልሰጥህም! እኔ ነኝ የያዝኩት፣ እኔ ጋ ይቆያል!"

ቦርሳዬን የባሰ ጨበጥኩት። ጥፍሬ ቆዳው ውስጥ ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንደ ሕፃን። ከጀርባዬ ሳቁ ቆሟል። እየጠበቁ ነው። ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

አባቴ እጄን ያዘ።

ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ግን ያ እጅ አርባ ዓመት ሙሉ ጆንያ ያነሳ እጅ ነው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከቦርሳው ላይ አላቀቃቸው። ታገልኩት፣ እውነቴን ነው። ተናከስኩ ማለት ይቻላል።

"አይዞሽ" ይለኛል። "አይዞሽ የኔ ልጅ። ይሄ እኮ ከኔ የተነሳ ነው፣ ዞሮ ነው የመጣው። ያንቺ አይደለም።"

እጄን ጎትቶ የራሱ ትከሻ ላይ አሳረፈው።

መታ።

ለቀቀኝ። ኮቱን አስተካከለ። ዞረ። በሩ ጋ ደርሶ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚያወራ...

"ደረስን" አለ።

በድንጋዩ በር ላይ ወርዶ ሣሩ ላይ እግሩን አሳረፈ። ልክ ደረጃ እንደሳተ ሰው ቁልቁል ሰጠም።

ሮጥኩ። ስደርስ በጀርባው ወድቋል። ዓይኑ ክፍት ነው። ልብሱ ደረቅ ነው፣ ሣሩም ደረቅ ነው። ወገቡ ላይ ብቻ፣ ዙሪያውን፣ እንደ ቀበቶ ያለ ሰፊ እርጥብ መስመር አለ።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። አልጮህኩም። ሰው አልጠራሁም። ሁለት እጄን ወገቡ ላይ አድርጌ ወደ ላይ መግፋት ጀመርኩ። ወደ ብብቱ። የምይዘው ነገር የለም፣ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው። ቢሆንም ገፋሁ። "ከፍ በል፣ ከፍ በል" እያልኩ ገፋሁ። ኢርማ መጥታ እስክትይዘኝ ድረስ።

ልብ ድካም ነው አሉ።

በሳምንቱ እዛው መካነ መቃብር ቀበርነው። ከጀልባዋ ራቅ ያለ ቦታ እንዲሰጡን ለመንኩ፣ ሰጡን። የበቆሎው ማሳ ወዳለበት ጥግ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ነፋስ የለም። ባንዲራው ተንጠልጥሏል።

ወጣት ወታደሮች ሬሳ ሣጥኑን ተሸክመው መጡ፣ መቃብሩ አፍ ላይ በተወጠረው ማሰሪያ ላይ አስቀመጡት። ፓስተሩ መጽሐፉን ከፈተ። እኔ የፊት ወንበር ላይ ነኝ፣ ባለቤቴ ከጎኔ።

ሣጥኑ ተንቀሳቀሰ።

ትንሽ ነው። ራስጌው ከፍ አለ... ዝቅ አለ። ግርጌው ከፍ አለ... ዝቅ አለ። አንደኛው ወታደር ማሰሪያው የላላ መስሎት እጁን ሣጥኑ ላይ ጫነ። እጁ አብሮ ከፍ ዝቅ አለ። ልጁ ፊቱ ነጣ፣ እጁን አነሳ።

ፓስተሩ ማንበብ አቆመ። እግሩን አራርቆ ቆመ። መሬቱን አላየም፣ ዝም ብሎ ነው ያደረገው፣ እንዳይወድቅ።

ወታደሮቹም እግራቸውን አራራቁ።

ኢርማ ከኋላዬ ወንበሬን ጨብጣ ያዘች። ባለቤቴ ክንዴን ያዘ። ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ግራ ዘንበል አልን። አንድ ላይ ወደ ቀኝ።

"ማርሊስ" አለኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ። "ወደፊት ተመልከቺ።"

ቀና አልኩ።

ከመቃብሩ ወዲያ ያለው የበቆሎ ማሳ፣ ከጀልባ ላይ እንደሚታይ ዳርቻ፣ ቀስ እያለ ወደ እኛ እየቀረበ ነበር።